ደሴ ላይ በኮቪድ የታመመን ሰው ቤት ውስጥ ማስታመም፦ ዝርያው ቢለወጥም የማይለወጡ ሥራዎች

አዲስ ዝርያ መጣ በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ «ይሄኛውስ ይከብዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ለአስታማሚ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ከታማሚው ክፍል የሚወጣው አየር ወዴት ይሄዳል? ቫይረሱ አገራችን ውስጥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ዴልታም ኦሚክሮንም የተላለፉት በትንፋሽ ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ምልክት እስኪታይ 5 ወይም 6 ቀን ይወስድ ነበር፤ በዴልታ ወደ 4፣ በኦሚክሮን ወደ 3 ቀን ወረደ። «ነገ እንለየዋለን» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው። ጉሮሮውን ያመመው ሰው በዚያው ምሽት ለብቻው ይተኛ።

ክፍሉና ጧፉ

ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ መስኮት ያስዘጋል፤ ደሴ ላይ ዋናው ችግር ይኸው ነው። ለታማሚው ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያለውን ክፍል ስጡት። ከዚያ አየሩ የሚሄድበትን በዓይናችሁ እዩ። ጧፍ ለኩሳችሁ እፍ በሉትና የሚጨሰውን ክር በጥቂቱ ገርበብ ባለው በር ክፍተት ላይ ያዙት፤ አንዴ ከወለሉ አጠገብ፣ አንዴ ከራስ በላይ። ሁለት ጊዜ የሚሞከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ታማሚው ያለበት ክፍል ከሳሎኑ ከሞቀ ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል፣ ሙቁ በላይ በኩል ወደ ሳሎን ይወጣል። ታች ብቻ የሞከረ ሰው ጭሱ ወደ ውስጥ ሲሳብ አይቶ ይታለላል።

ጭሱ ከላይም ከታችም ወደ ታማሚው ክፍል ከገባ መልካም ነው። ወደ ሳሎን ከመጣ የታማሚው ትንፋሽም አብሮት እየመጣ ነው። ቬንትሌተር (የአየር ማራገቢያ) ካላችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ መስኮቱ ላይ አቁሙት፣ ዙሪያውን በካርቶንና በፕላስተር ድፈኑ፣ የሳሎኑን መስኮት ደግሞ ሦስት ጣት ያህል ክፈቱለት። የሚገባ አየር ካላገኘ የሚያስወጣውም የለውም። ቬንትሌተር ከሌለ ነፋሱ በታማሚው መስኮት ገብቶ ወደ እናንተ እንዳይነፍስ ክፍሉን ለውጡ። ይህ ካልሆነ በሩን ዝጉ፣ ሥሩን በጨርቅ ወትፉ፣ የታማሚውን መስኮት በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። በዚያች 10 ደቂቃ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደረብለት።

ከሰል ግን ወደ ክፍሉ አይግባ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጢስ ይገድላል፤ ከመግደሉም በፊት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሚያመጣ በሽታው የባሰበት ይመስላል።

አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ ከ60 ዓመት በታች የሆነ፣ ስኳርና ግፊት የሌለበት፣ ነፍሰ ጡርም ያልሆነች። ሲገባ ኬኤን95 ወይም ኤን95 ማስክ ያድርግ። ይህ ማስክ አይታጠብም፤ ውኃና ሳሙና የማጥለል አቅሙን ይገድለዋል። አራት አምስት ገዝቶ በየተራ ማድረግና የወለቀውን በወረቀት ከረጢት ማቆየት ይሻላል። ጺም ካለ ጎንና ጎኑ አይገጥምም።

የኦክስጅን መለኪያው

ጣት ላይ የሚገጠመው ትንሽ መሣሪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ያሳያል። ደሴ ግን ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መመሪያዎች ላይ የሚታየው «ከ95 በታች አሳሳቢ ነው» የሚል ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ የወጣ ነው። እዚህ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሳትታመሙ የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ቁጥር ለክታችሁ ጻፉ። ታማሚው ከራሱ ቁጥር 3 ከወረደ ለጤና ባለሙያ ደውሉ። 90ና ከዚያ በታች ከሆነ ምንም ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። እጁ ከቀዘቀዘ ይሸት፤ ቀዝቃዛ ጣት ቁጥሩን ያሳስታል፣ የጥፍር ቀለምና ጥቁር ሂናም እንዲሁ። ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ አድርጎ የማንበብ ጠባይ ስላለው ጥሩ ቁጥር እያሳየም ታማሚው ትንፋሽ ካጠረው ሰውየውን እመኑ። የደረት ሕመም፣ መቀባዠር፣ የከንፈር መጥቆር፣ ውኃ መጠጣት አለመቻል ከመጡማ መለካትም አያስፈልግም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

ምርመራው

«ራፒድ ቴስቱ አዲሱን ዝርያ አያውቀውም» የሚባለው በአብዛኛው ልክ አይደለም። አብዛኛው ለውጥ የሚታየው በቫይረሱ ላይ ላዩን ባለው እሾህ መሰል ፕሮቲን ላይ ነው፤ ምርመራው የሚፈልገው ግን ውስጥ ያለውን ሌላ ፕሮቲን ነው። የሚሳሳተው ቶሎ ሲደረግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ነፃ ቢል ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሙት፤ እስከዚያ በር አይከፈት። በሁለተኛውም ምርመራ ነፃ ብሎ ምልክቱ ካልለቀቀው ሐኪም ይየው። ቫይረሱ ከተገኘበት ምልክት ከጀመረበት ቀን አንስቶ 10 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ ከዚያ በፊት በምርመራ ነፃ ከሆነ ግን ቀኑ ያጥራል።

መድኃኒትና በረኪና

ለትኩሳትና ለሕመም ለአዋቂ ፓራሲታሞል ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። አዚትሮማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ አይገድልም። ዴክሳሜታሶን ኦክስጅን ላስፈለገው ታማሚ ሕይወት አድኗል፤ ኦክስጅን ላላስፈለገው ግን ጥቅም የለውም፣ ሊጎዳውም ይችላል። ፋርማሲ ሄዶ «ያቺን የኮሮና መርፌ» ማለት ይቅር። የዝንጅብል ሻይ ይጠጣ፤ የፈላ ድስት ላይ ተከናንቦ መታጠን ግን ፊት ያቃጥላል።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ካለ በታመመበት ሰሞንም አያቋርጥ። በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው የኮቪድን ቫይረስ ለወራት ሊሸከም ይችላል፤ ብዙ ለውጥ ያለበት ዝርያ ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ክትባትም ቢሆን መያዝን የመከላከል አቅሙ በወራት ይቀንሳል፣ ከከባድ ሕመም ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል።

በረኪና ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ካለ 20 ሚሊ ሊትር (4 የሻይ ማንኪያ) በአንድ ሊትር ውኃ በቂ ነው። የበር እጀታና መጸዳጃ ቤት ጥረጉበት። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሰው ላይ መርጨት ደግሞ ዓይንና ሳንባ ከማቃጠል በቀር የሚፈይደው የለም።

ከቤት ውጭ

ለቅሶ ሲኖር የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች ድንኳኑን ሲተክሉ ቢያንስ ሁለት ትይዩ ጎኖቹን ከፍተው ይተዉት። ብርዱ ለአዛውንቶች ከከበደ እነሱን ነፋሱ በሚገባበት ጫፍ ጋቢ ደርባችሁ አስቀምጡ፤ ከነፋሱ ማዶ፣ አየሩ በሚወጣበት ጫፍ የተቀመጠ የሁሉንም ትንፋሽ ይስባል። ሐድራም (ተሰብስቦ ዱዓ ማድረጉም) በጠባብ ክፍል ከሆነ ደንቡ ያው ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትሄዱ ሐረጎ ላይ «ንፋስ መታኝ» የሚል አይጠፋም። ሁሉንም መስኮት ከመዝጋት ከፊት በአንድ ጎን፣ ከኋላ በሌላው ጎን ሁለት ብቻ አራት ጣት ያህል ይከፈቱ። አየሩ ሰያፍ ያቋርጣል፣ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ሰው ብቻ ነጠላውን ይከናነብ።