ነጭ የሚሆነውን በረዶ እንዴት እንዳጠራሁት

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚህ ለገጣፎ ልጆች ቤት ይውላሉ። ዝናቡ አያስወጣም። የእኔዎቹ የሚወዱት ጨዋታ በረዶ ውስጥ የገባ አበባን በጨውና ለብ ባለ ውኃ ማስለቀቅ ነው። ችግሩ፣ በረዶው መሃሉ ነጭ እየሆነ አበባው አይታይም ነበር። ውኃውን አፍልቼ ሞከርኩ። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልጠራም።

ምክንያቱ አየር ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን በውስጡ የሟሟውን አየር እየገፋ ያስወጣል። ፍሪጅ ውስጥ ቅዝቃዜው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አየሩ መውጫ አጥቶ መሃል ላይ ይታሰራል። ነጭ ሆኖ የሚታየው ያ ጥቃቅን አረፋ ነው።

ስለዚህ ቅዝቃዜው ከላይ ብቻ እንዲገባ አደረግኩ። የፕላስቲክ ሳህኑን ጎኑንና ታቹን በፎም ጠቅልዬ አፉን ክፍት ተውኩት። ፎም ከሌለ ወፍራም ፎጣም ይሆናል። በረዶው ከላይ ወደ ታች ሲሠራ አየሩን ወደ ታች ይነዳዋል። ከሥር ያለው ውኃ በረዶ ሳይሆን አውጥቶ መድፋት ነው። አበባ ስለሚንሳፈፍ ጥርት ባለው ክፍል ይቀራል። ሳንቲም ግን ይሰምጣል፣ ለዚህ አይሆንም። መብራት የሚጠፋበት ቀን ከሆነ አትጀምሩት።

አሁን ጨው ሲነሰነስ በረዶው ውስጥ የሚቆፍረው ቦይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምግብ ቀለም ጠብ ስታደርጉበት ደግሞ በጣም ያምራል! ጥያቄው የሚጎርፈውም ያኔ ነው፦ ጨው ለምን ያቀልጠዋል? ጨዋማ ውኃ በረዶ ለመሆን ከ0 ዲግሪ በታች መውረድ አለበት። ጨውና በረዶ ሲቀላቀሉ ቅዝቃዜው ስለሚብስ ቆዳ ይጎዳል። ልጆቹ ጨውን በማንኪያ ይነስንሱ፣ ድብልቁን በእጃቸው አይያዙት።