የመጀመሪያው ወር አስቤዛ፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለገባችሁ

አገር ቤት «ግሮሰሪ» ሲባል ቢራ የሚጠጣበት ቤት ነው። እዚህ ግሮሰሪ ማለት አስቤዛ ነው። የአክስታችሁ ልጅ «ግሮሰሪ ደርሼ ልምጣ» ካለቻችሁ ሽንኩርትና ወተት ልትገዛ ነው።

ገና እንደገባን ሁላችንንም የሚያስቸግረን ዋጋን በብር መምታት ነው። አንድ እሽግ እንጀራ ታነሳላችሁ፣ በጭንቅላታችሁ ታባዛላችሁ፣ ትደነግጣላችሁ፣ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዲህ ነው ያሳለፍኩት። ቀን ሱቅ ገብቼ ሳስቼ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ርሃቡ ይጠናብኝና መንገድ ላይ በርገር እገዛለሁ። ደረሰኞቹን ሰብስቤ ስደምራቸው፣ የበርገሩ ገንዘብ የሳምንት አስቤዛ ይሸፍን ነበር። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሁሉን ዕቃ ከአንድ ሱቅ አትግዙ። ምን ከየት እንደሚገዛ ለይታችሁ እወቁ።

ከሀበሻ ሱቅ እንጀምር። ሲልቨር ስፕሪንግም ኑሩ አሌክሳንድሪያ፣ ቅርባችሁ አንድ አይጠፋም። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ በሶና እንጀራ ከዚያ ግዙ። እነዚህን ሌላ ቦታ መፈለግ ድካም ነው። እንጀራ ስትገዙ ግን «የጤፍ ብቻ ነው ወይስ ድብልቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ዱቄት የገባበት ርካሽ ነው፣ ጤፍ ብቻ የሆነው ይወደዳል። ሩዝ፣ ዘይት፣ ምስርና ሽንኩርት ግን ትንሽ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወደዳሉ። ባለሱቁ እንደ ትልልቆቹ በብዛት አያመጣም፣ ስለዚህ አይፈረድበትም። በነገራችን ላይ በሩ አጠገብ የተለጠፉትን ወረቀቶች ሳታነቡ አትውጡ። የሚከራይ ክፍልና የሥራ ማስታወቂያ የሚገኘው እዚያ ነው።

ለወጥ የሚሆነውን እህልና ቅመም የህንድ ሱቅ ግቡ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ብዙ ገንዘብ ያዳነልኝ ግን እሱ ነው። ችግሩ ስሙ ብቻ ነው። «ማሱር ዳል» የሚለውና ብርቱካናማ የሆነው የእኛው ምስር ክክ ነው። «ካሎንጂ» ጥቁር አዝሙድ ነው። «አጅዋይን» ነጭ አዝሙድ ነው። «ሜቲ» አብሽ ነው፤ ቅጠሉም በዚሁ ስም ይሸጣልና ፍሬውን አንሱ። እርድና ዝንጅብል እንደ ልብ ነው። «ጊ» የሚባለው ንጥር ቅቤ ነው፣ ግን ቅመም የለውም። ቤት ወስዳችሁ በኮረሪማና በኮሰረት እንደገና ብታነጥሩት የእናታችሁን ቅቤ ባይሆንም ይቀርበዋል። ጎመን የትም ሱቅ አለ፣ «ኮላርድ ግሪንስ» በሉ። ቃሪያችሁ «ሃላፔኞ» ነው፣ ማቃጠሉ ካነሳችሁ «ሴራኖ» ያዙ።

እንቁላል፣ ወተት፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ዘይትና ሙዝ ከአልዲ ወይም ከሊድል ግዙ። ሁለቱም ጀርመን አመጣሽ ናቸው። ሊድል አሜሪካ ሱቅ መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ የአሜሪካው ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ አርሊንግተን ነው። አልዲ በር ላይ ጋሪዎቹ በሰንሰለት ተያይዘው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ጋሪውን ጎትቼ ጎትቼ አልላቀቅ ሲለኝ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ከኋላዬ መጥተው «ልጄ፣ ኳርተር የለህም?» አሉኝ። ከቦርሳቸው 25 ሳንቲም አውጥተው እጀታው ላይ ካለው ቀዳዳ ከተቱ፣ ሰንሰለቱ ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። ገብቼ ስጨርስ ጋሪውን ቦታው መልሼ ሰንሰለቱን ስሰካ ሳንቲሙ ወጣ። እሳቸው ግን ሄደዋል። ኳርተር ሁሌም ኪሳችሁ ይኑር፣ ትርፍ ካላችሁ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው። ፌስታልም ከቤት ያዙ፣ አልዲ በነፃ አይሰጥም።

ጃየንትና ሴፍዌይ ለሚባሉት ትልልቅ ሱቆች አንድ ነገር ልብ በሉ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዋጋ ይጻፋል። ዝቅ ያለው የአባላት ነው። አባልነቱ ነፃ ነው፣ ስልክ ቁጥር ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከዋጋው ጎን በደቃቁ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፣ እሱም የፓውንዱ ወይም የአውንሱ ዋጋ ነው። ማወዳደር ያለባችሁ እሱን ነው። ትልቁ ዕቃ ሁሌ ርካሽ አይደለም። ፓውንድ 453 ግራም ግድም ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል። ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ነው።

አሁን ወደ ፈጣን ምግብ። ሥራ ላይ ስትሆኑ አይቀርም። በተለይ ጾም የያዛችሁ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይፈስካል።

የማክዶናልድስ ድንች ጥብስ እዚህ አሜሪካ የጾም አይደለም። የበሬ ጣዕም ይጨመርበታል፣ በውስጡም ከወተት የተገኘ ነገር አለ። ፖፓይስ ያለው ባቄላና ሩዝ ሲያዩት የጾም ይመስላል፣ የአሳማ ሥጋ አለበት። ቡና ላይ የሚጨመረው «ነን ዴይሪ» (ወተት አልባ) የተባለ ክሬመርም አብዛኛው የወተት ፕሮቲን አለው። «ኬሲን» ወይም «ኬሲኔት» የሚል ቃል ካያችሁ ተዉት። ፒዛ ላይ ያለችው ቀይ ክብ «ፔፐሮኒ» ደግሞ በአብዛኛው አሳማ ናት፣ ይህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ነው።

የሚበላው ታዲያ ምንድን ነው? ታኮ ቤል ገብታችሁ የባቄላ ቡሪቶ (በስስ ቂጣ የተጠቀለለ) «ፍሬስኮ» ብላችሁ እዘዙ። አይቡን ያስቀሩና በቲማቲም ይተኩታል። ባቄላው ራሱ የእንስሳ ነገር የለበትም። ቺፖትሌ ሩዙ፣ ጥቁሩም ሆነ ቡኒው ባቄላ፣ የተጠበሰው አትክልትና ሳልሳው የጾም ነው። ሥጋ ያልገባበትን ሳህን ስታዙ አቮካዶው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባል። ፊት ለፊታችሁ ነው የሚሞሉት፣ «ሩዝ ጨምርልኝ» ማለት ነውር የለውም። አንዱ ሳህን ለእኔ ምሳም እራትም ይሆነኛል።

የታሸገ ነገር ስትገዙ ጀርባውን አገላብጡና «ኮንቴይንስ» (በውስጡ አለ) የሚለውን መስመር ፈልጉ። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ካሉበት እዚያ ወይም ዝርዝሩ ውስጥ እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል። አለርጂ ላለባቸው የወጣ ሕግ ነው፣ ለጾመኛ ግን እጅግ ይጠቅማል። የሥጋውን ለማወቅ ግን ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ ነው።

ዋጋው ላይ ታክስ እንደሚጨመር አትርሱ። ሜሪላንድ ጥሬ አስቤዛ ላይ ታክስ የለም፣ የተዘጋጀ ምግብ ላይ ግን 6 በመቶ ነው። አሌክሳንድሪያ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ምግብ ላይ ሲደመር 11 በመቶ ይደርሳል፣ የ10 ዶላር ምሳ 11.10 ይሆናል ማለት ነው። ቆማችሁ አዛችሁ ይዛችሁ ስትወጡ ስክሪኑ ጉርሻ ቢጠይቃችሁ ግዴታ የለባችሁም። ተቀምጣችሁ አስተናጋጅ ሲያስተናግዳችሁ ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ ስጡ፣ ኑሯቸው እሱ ነው።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ ወይም ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያላት ዊክ የሚባለውን ጠይቁላት። ወተት፣ እንቁላልና እህል የሚገዛበት ካርድ ነው፣ የገቢ መጠን ያያል እንጂ የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቅም። ለከፋ ጊዜ 211 ደውላችሁ በነፃ ምግብ የሚታደልበትን ቅርብ ቦታ ጠይቁ። አትፍሩ፣ አትሸማቀቁ። ከእኛ ሰው ብዙው በዚያ አልፏል።

በብዛት የሚሸጠውን ኮስትኮ የሚባል ሱቅ መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ብቻችሁን አትችሉትም ብዬ ነው። የዓመት አባልነቱ 65 ዶላር ነው፣ ዕቃውም ለአንድ ሰው አይሆንም። ነገር ግን አባል የሆነ ሰው ሁለት እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል፣ የሚከፍለው ግን እሱ ነው። እኛ ሦስት ሆነን ከቅዳሴ በኋላ በአንዱ መኪና እንሄዳለን። በ4.99 ዶላር የሚሸጠውን የተጠበሰ ሙሉ ዶሮ እንይዛለን፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ዋጋው 1.50 ዶላር የሆነውን ሆት ዶግ ከነለስላሳው እንበላለን። ከዚያ ቤት ገብተን ጋዜጣ መሬት ላይ እናነጥፋለን። አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ አንድ ጆንያ ሩዝ፣ አንድ ትልቅ ዘይት ለሦስት። ሽንኩርቱን አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ እያልን እንቆጥራለን፣ የተረፈችው ለቤቱ ባለቤት ትቀራለች።