ቸኮሌቱ ለምን ነጣ? ለምንስ ተቋጠረ? ለበዓልና ለስጦታ በቤት የሚሠራ ቸኮሌት፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር ከመፈለጋችሁ በፊት የቸኮሌቱን ማሸጊያ ገልብጡና ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። ሱቅ ውስጥ ቸኮሌት እየተባለ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስቡ የካካዎ ቅቤ የሆነው እውነተኛው ቸኮሌት ነው። ሌላው የካካዎ ቅቤው ወጥቶ በፓልም ወይም በሌላ የአትክልት ስብ የተተካው፣ ኬክ ሠሪዎች ኮምፓውንድ የሚሉት ነው። ኮምፓውንድ ጣጣ የለውም፤ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አቅልጦ ማፍሰስ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ጣዕሙ ግን ያው የኮምፓውንድ ነው። እውነተኛው የራሱ የሙቀት ሥርዓት አለው፣ ከታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹም እሱን እንደ ኮምፓውንድ ከመያዝ ይመጣሉ። ሁለቱን ደባልቆ ለማብቃቃት መሞከር ደግሞ አያዋጣም፤ ስቦቹ ስለማይስማሙ የሚወጣው ነገር ልፍስፍስ ያለና ቶሎ የሚነጣ ነው።

እየቀለጠ ሳለ ድንገት ተቋጠረ

ሲያብረቀርቅ የነበረው ቸኮሌት በሰከንዶች ውስጥ ወዙን ያጣና እንደ ወፍራም ገንፎ ማንኪያው ላይ ይጣበቃል። ምክንያቱ ውሃ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። በቸኮሌት ውስጥ ያለው ስኳርና የካካዎ ዱቄት በስብ ተከቦ ደርቆ ነው የሚኖረው። ትንሽ እርጥበት ሲገባ ስኳሩ ይረጥብና እርስ በርሱ ይያያዛል። ውሃው የሚመጣው ከማይጠረጠር ቦታ ነው፦ ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ የእንጨት ማማሰያ፣ ከድስቱ ጎን ከሚወጣ እንፋሎት፣ ከፈሳሽ ቫኒላ፣ በውሃ ከተበጠበጠ የኬክ ቀለም። ለቸኮሌት የሚሆነው ቀለም በዘይት የተሠራው ወይም ዱቄቱ ነው።

አንዴ ከተቋጠረ ለማልበሻ አይመለስም። የሚገርመው ግን የሚያድነው ተጨማሪ ፈሳሽ መሆኑ ነው። ለ100 ግራም ቸኮሌት ቢያንስ 2 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ወተት ወይም ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ አማስሉት፤ ስኳሩ በሙሉ ሲሟሟ ይላላል። ኬክ ላይ የሚፈስ ወይም በትኩስ ወተት የሚጠጣ ይሆናል።

እንዳይደገም፦ ድስቱ ውስጥ ውሃው ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ብቻ ይሁን፣ የጎድጓዳ ሳህኑ አፍ ከድስቱ ይስፋ፣ መቀመጫውም ውሃውን አይንካ። ውሃው ሲፈላ እሳቱን አጥፉና ሳህኑን ያኔ አስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻዋን ነገር ነው፦ ሳህኑን ስታነሱ ከሥሩ ላብ ያዘለ ነውና ከማፍሰሳችሁ በፊት በደረቅ ፎጣ ጥረጉት። ካልተጠረገ ስታዘነብሉት ጠብታው በጎኑ ተንሸራቶ ቀጥ ብሎ ቸኮሌቱ ውስጥ ይወርዳል።

ወፈረ፣ አሸዋ አሸዋ አለ፣ የማረር ሽታ አመጣ

ይህ የውሃ ሳይሆን የእሳት ጥፋት ነው። ጥቁሩ ከ50 ዲግሪ፣ የወተትና ነጩ ደግሞ ከ45 ዲግሪ ባያልፉ ይመረጣል፤ መጀመሪያ የሚያረው የወተት ዱቄቱ ስለሆነ ነጩ ከሁሉም ይፈራል። ካላረረና ከወፈረ ብቻ ከእሳት አውጡና በደቃቁ የተከተፈ ቀዝቃዛ ቸኮሌት ጨምሩበት፣ ከዚያ በማጥለያ አሳልፉት። ካረረ ግን መድኃኒት የለውም። በማይክሮዌቭ ከሆነ በግማሽ ኃይል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እያደረጋችሁ በየመሃሉ አማስሉ። ቸኮሌት ከውስጥ ቀልጦም ቅርጹን ይዞ ይቆያልና በዓይን አትመኑት።

ደረቀ፣ ግን ደብዝዟል፤ ነጫጭ መስመር አለው፣ ጣት ላይ ይቀልጣል

በቤት ሠሪዎች ዘንድ ከሁሉም የተለመደው ችግር ይህ ነው፣ ምክንያቱን ማወቅም ዋጋ አለው። የካካዎ ቅቤ ሲደርቅ በ6 ዓይነት የክሪስታል ቅርጽ ሊረጋ ይችላል። የሚፈለገው 5ኛው ነው፤ የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጣት ላይ ይቆያል፣ አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። ቸኮሌቱን አቅልጣችሁ ዝም ብላችሁ ብታቀዘቅዙት ሌሎቹም አብረው ይረጋሉ። ቆይተው ቅርጻቸውን ሲለውጡ ስቡ ወደ ላይ ይወጣና ይነጣል። 5ኛውን ለይቶ የማርጋት ሥራ ቴምፐር ማድረግ ይባላል።

ለቤት የሚቀለው ዘዴ የሚከተለው ነው። 300 ግራም ጥቁር ቸኮሌት መዝናችሁ 200 ግራሙን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አቅልጡ። ከእሳት አውጡና ቀሪውን 100 ግራም በደቃቁ ከትፋችሁ በሦስት ጊዜ እየጨመራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ያልቀለጠው ቸኮሌት ትክክለኛውን ክሪስታል ስለያዘ ለቀለጠው እንደ እርሾ ይሆነዋል። ቴርሞሜትሩ ከ31 እስከ 32 ሲል ለሥራ ደርሷል። ለወተት ቸኮሌት ከ29 እስከ 30፣ ለነጩ ከ28 እስከ 29 ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ስታቀልጡ ከ45 አትለፉ። ከማፍሰሳችሁ በፊት የቢላ ጫፍ ነክራችሁ አስቀምጡ። ቤቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ እያብረቀረቀ መድረቅ አለበት። ካልደረቀ ጥቂት ያልቀለጠ ቸኮሌት ጨምሩና ማማሰሉን ቀጥሉ።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጠብታ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ያስነካ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለ ደርሷል። ቴርሞሜትር ያለው ደግሞ በፈላ ውሃ ሲፈትሸው አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ካየ አይጣለው። የተበላሸ አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው እዚያው ላይ ነው። ትክክለኛው መፈተሻ በደንብ የተማሰለ የበረዶ ውሃ ነው፣ 0 ማለት አለበት።

የነጣው ምንም አልከሰረም፤ ይበላል፣ ዳግም ቀልጦም ቴምፐር ሊደረግ ይችላል። ግን አስቀድማችሁ በጣት እሹት። ቅባት ቅባት ካለና ንጣቱ ከጠፋ ከስቡ የመጣ ነው። ደርቆ የሚቆረቁር ከሆነና በረጠበ ጣት ከሟሟ ግን ንጣቱ የስኳር ነው፤ ይኸኛው የፍሪጅ ጥፋት ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ያለመሸፈኛ የተቀመጠ ቸኮሌት ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛው ስኳሩን ያሟሟል፣ ሲደርቅ ስኳሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ፍሪጅ የሚገባው አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ፣ ሲወጣም ሳይከፈት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቆይቶ ነው።

ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) አልወጣ አለ

በትክክል ቴምፐር የተደረገ ቸኮሌት ሲረጋ ይኮማተራል፣ በራሱም ከሞልዱ ይላቀቃል። ካልወጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቴምፐሩ አለመሳካቱ ነው። ለ10 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ እምቢ ካለ አቅልጦ መጀመር ነው። ሞልዱን በሻካራ ስፖንጅ አትፈትጉት፣ ዘይትም አትቀቡት፤ ከመሥራታችሁ በፊት በደረቅ ጥጥ ወልውሉት። ላዩ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለ ካፈሰሳችሁ በኋላ ሞልዱን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ስላላደረጋችሁት ነው፣ አረፋው አልወጣም።

ጋናሹ ዘይት ተፋ

ጋናሽ ቸኮሌትና ትኩስ ክሬም ሲዋሃዱ የሚገኘው የትራፍል (ተድቦልቡሎ ቸኮሌት የሚለብስ ጣፋጭ) መሠረት ነው። ለትራፍል 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 100 ግራም ክሬም ይፈልጋል፤ በወተት ወይም በነጭ ቸኮሌት ከሆነ ለ100 ግራም ክሬም እስከ 300 ግራም። ሲበላሽ ላዩ ላይ ቢጫ ዘይት ይንሳፈፋል፣ ሥሩ እንደ እርጎ ይቆራረጣል። ክሬሙ ከመጠን በላይ ፈልቷል፣ ወይም ስቡ ለፈሳሹ በዝቷል፣ ወይም በርዶ ሳለ ተደብድቧል። ሳህኑን በሞቀ ውሃ ላይ አድርጋችሁ ለብ ካደረጋችሁት በኋላ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት እየጨመራችሁ ከመሃል ጀምራችሁ አማስሉ። መሃሉ ላይ መስተዋት የመሰለ ነጥብ ሲታይ እየሰፋ ይሄዳል፣ ከዚያ ይገጥማል። ቅቤ የሚጨምር ሰው የገበታ ቅቤ ይጠቀም፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ለወጥ ነው።

የገና ስጦታ የሚዘጋጀው በነቢያት ጾም፣ የፋሲካው በዐቢይ ጾም ስለሆነ ሠሪው ብዙ ጊዜ ሊቀምስ አይችልም። ስለዚህ በዓይን መገመት ቀርቶ በሚዛን ይሁን፤ ጨውም ቢሆን ለ300 ግራም ጋናሽ 1 ግራም ይበቃል። ለጾመኛ የሚሰጥ ከሆነ ክሬሙን በቆርቆሮ በሚመጣ ስቡ ያልወጣለት የኮኮናት ወተት በዚያው ልክ ተኩት። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ግን ጾም ነው አትበሉ፤ የወተት ስብ የሚገባባቸው ጥቁር ቸኮሌቶች አሉ።

ትራፍሉ ተሰነጠቀ፣ ከሥሩም ኩሬ ሠራ

ስንጥቁ የሚመጣው መሃሉ ከፍሪጅ እንደወጣ ስለተነከረ ነው፤ ሲሞቅ ያብጥና ልባሱን ይቀደዋል። ድቡልቡሉን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ አቆዩት። ኩሬው ትርፍ ቸኮሌት ነው፤ ሹካውን በሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ሥሩን ጠረግ አድርጉት።

በባሕር ማዶ መመሪያ የተሠራው ፈጅ እንደ ድንጋይ ጠነከረ

ፈጅ ስኳር፣ ወተትና ካካዎ ተፈልቶ የሚቆረጥ ለስላሳ ጣፋጭ ነው። መመሪያዎቹ ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ይላሉ፤ ይህ ለባሕር ወለል ነው፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች እህት የላከችው ቁጥር እዚያ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ እስከዚያ ካፈላችሁት ውሃው አልቆ ይጠነክራል። መላው ቀላል ነው፦ ቴርሞሜትራችሁ በፈላ ውሃ ያነበበውን ከ100 ቀንሱ፣ ልዩነቱን ከመመሪያው ላይ ቀንሱ። 92 ካለ ልዩነቱ 8 ነው፣ ስለዚህ ከ104 እስከ 108 ላይ አውርዱ። ያለቴርሞሜትር ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ በጣት የሚድቦለቦል፣ ከውሃ ሲወጣ የሚዘረጋ ከሆነ ደርሷል። አሸዋማ ከሆነ ትኩስ እያለ ተማስሏል፤ ከ43 እስከ 45 ዲግሪ እስኪወርድ አትንኩት። የተበላሸውን ጥቂት ወተት ጨምራችሁ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አሙቁና እንደገና አፍሉት።

ቆሎው ቀጭ ማለቱን ተወ፤ ቸኮሌቱ ሌላ ነገር ሸተተ

ገብስ ቆሎና ለውዝ ለቸኮሌት ግሩም ናቸው፤ 200 ግራም ቸኮሌት ለ150 ግራም ቆሎ ይበቃል። ከለሰለሰ፣ ቆሎው ከርሞ እርጥበት ይዟል ወይም ትኩስ እያለ ተነክሯል። በደረቅ ምጣድ አመስ አድርጉትና ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ የሞቀ ቆሎ ቴምፐሩንም ያበላሻል። ለውዙን አንድ ፍሬ አኝካችሁ ፈትሹ፤ የከረመ ለውዝ መራራነት በቸኮሌት አይሸፈንም።

ሽታውን በተመለከተ የካካዎ ቅቤ በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ይስባል። የበዓል ዋዜማ ቤት ዕጣንና የዶሮ ወጥ ቁሌት የሞላበት ነው። ትሪው ላይ ተከፍቶ እንዲደርቅ የተተወ ቸኮሌት ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ከቁሌቱ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ሥሩና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ዝጉት።

ስጦታው መንገድ ላይ ቀለጠ

ድሬዳዋ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሄድ ከሆነ የእውነተኛ ቸኮሌት ጉዳይ ያስቸግራል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ቴምፐሩም ይጠፋል። ለእንዲህ ያለው መንገድ ሙቀት ይችላል ተብሎ የተሸጠ ኮምፓውንድ መምረጥ አያሳፍርም። ቆሎና ለውዝ የያዘው ለጉዞ ይመቻል። የክሬም ትራፍል ግን ከ2 ወይም 3 ቀን በላይ ከፍሪጅ ውጭ አይቆይ፤ ፍሪጅ ውስጥም ከሳምንት አይለፍ። የተሠራበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉት።