ታስሮ የዋለን ውሻ ማንሸራሸር፦ አዲስ አበባ ውስጥ

ቀን በሰንሰለት ታስሮ ውሎ ማታ ግቢ ውስጥ የሚለቀቅ ውሻ በቂ እንቅስቃሴ አገኘ አይባልም። አጥር ለአጥር እየተሯሯጠ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚጮኸው ጉልበቱ ስለተረፈው ብቻ ሳይሆን አእምሮው ሥራ ስለፈታ ጭምር ነው። ስለዚህ ሽርሽሩ ከሩጫ ይልቅ ማሽተት ይብዛበት። ምሰሶ ሥር ቆሞ ሲያነፈንፍ አይጎትቱት።

መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜ እንዳላለፈበት ያረጋግጡ። ገመዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይበቃዋል። ሰንሰለት ለመንገድ አይሆንም፤ ውሻው ድንገት ሲስብ እጅ ይልጣል። የአንገት ቀበቶው ሁለት ጣት የሚያስገባ ሆኖ በጭንቅላቱ የማይሾልክ ይሁን፤ ፈርቶ ወደኋላ ሲያፈገፍግ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በደረት የሚታሰረው ይሻላል።

ከጠዋቱ 12 እስከ 1፡30 ድረስ ይውጡ። መስቀል አደባባይ በዚያ ሰዓት ሯጭ ስለሚበዛበት ለጀማሪ ውሻ አይሆንም። የመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ታስሮ የከረመ ውሻ መዳፉ ስስ ነው፣ ቶሎ ይላጣል። ሲመለሱ በጣቶቹ መሃል የጠርሙስ ስባሪ እንዳይኖር ይዩ። ረፈድ ካለ የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ ያሳርፉ፤ ካቃጠለዎት እሱንም ያቃጥለዋል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ትልቅ ውሻ ከሽርሽሩ በፊትም በኋላም አንድ ሰዓት አይብላ። ሆዱ ተነፍቶ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም ካልወጣው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ሥጋ ቤትና የቆሻሻ ገንዳ ባለበት የጎዳና ውሾች አይጠፉም። ከሩቅ ሲያዩአቸው መንገድ ይሻገሩ። አይሩጡ፣ ገመዱንም አያክርሩ፤ የተወጠረ ገመድ የራስዎን ውሻ ለጠብ ያነሳሳዋል። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብዙዎቹን ያሸሻል፤ ችግሩ በድንጋይ ተመትቶ ያደገ ከሆነ የእርስዎም አብሮ መሸሹ ነው። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ክረምት ላይ ዝናቡ ካላስወጣ ከቀን ምግቡ ግማሹን ካርቶን ውስጥ በተጨማደደ ወረቀት መሃል ይደብቁለት። ባዶ ሃይላንድ ጎኑን በስተው ደረቅ የውሻ ምግብ ቢጨምሩበትም እያንከባለለ ያወጣል። ክዳኑንና የአንገቱን ቀለበት ግን አስቀድመው ያንሱ፣ አጠገቡም ይቁሙ። ላስቲኩን መቦጨቅ ከጀመረ በሌላ ምግብ ለውጠው ይውሰዱበት እንጂ ከአፉ አይንጠቁት።