ለሰባት ወራት የገፋሁትን ምዕራፍ እንዴት እንደጨረስሁት

የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ ለሰባት ወራት «ነገ» እያልሁ ስገፋው ቆይቼ ባለፈው ሳምንት አጠናቅቄ አስረክቤአለሁ። ፋይሉን በከፈትሁ ቁጥር ከርእሱ በታች ያለው ባዶ ገጽ ይታየኝና፣ ወዲያው ኢሜይል ማየት ወይም የጠረጴዛዬን ወረቀቶች መደርደር እጀምር ነበር። ችግሩ ስንፍና መስሎኝ ራሴን ብዙ ወቅሻለሁ፤ ነገሩን ቀረብ ብዬ ስመረምረው ግን የምሸሸው ሥራውን ሳይሆን «ጽሑፉ ደካማ ቢሆንስ?» የሚለውን ፍርሃት እንደሆነ ተረዳሁ። ወቀሳውም ፍርሃቱን ከማባባስ በቀር የፈየደልኝ ነገር አልነበረም።

መፍትሔ የሆነኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው፣ መቼና የት ምን እንደምንሠራ አስቀድሞ የሚወስን ዕቅድ ነው። «ምዕራፉን እጨርሳለሁ» የሚለውን ሰፊ ግብ ትቼ፣ «ጠዋት ፊቴን ታጥቤ እንደወጣሁ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፤ አንቀጹ ደካማ ቢሆንም አልሰርዘውም» ብዬ በወረቀት ጽፌ ከፊቴ ለጠፍሁት። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ሐረግ ነበር፤ እጄ ደጋግሞ ወደ መሰረዣው ቁልፍ ይሄድ ስለነበር፣ እርማቱን ሁሉ ለቅዳሜ ቀጠርሁት።

ጊዜውን በ25 ደቂቃ ሥራና በ5 ደቂቃ ዕረፍት ከፋፈልሁት። ከዚህም በላይ የጠቀመኝ ግን፣ በየቀኑ ሥራ ሳቆም የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ሳልቋጨው መተዌ ነው፤ በማግስቱ የሚጠብቀኝ ባዶ ገጽ ሳይሆን፣ መጨረሻውን አስቀድሜ የማውቀው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነበርና። ምዕራፉ በ23 ቀናት አለቀ፤ አራተኛውንም በዚሁ መንገድ ዛሬ ጠዋት ጀምሬዋለሁ።