ለመጀመሪያ ቱርቦ መኪናዎ የሚታመን ጋራዥ እንዴት ይመረጣል?

ቱርቦ የሌለውን መኪና ለዓመታት ደህና አድርጎ የያዘ መካኒክ፣ ቱርቦ ያለውን ሳያውቅ ሊያበላሽ ይችላል። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። በአብዛኞቹ ቱርቦዎች ላይ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ የሚከላከለው በኩሽኔታው ውስጥ ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። በአንድ ጎኑ የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ በሌላው ጎኑ አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። የተሳሳተ ዘይት፣ ያልጠበቀ የቱቦ ማሰሪያ ወይም በግምት የተጨመረ ግፊት እዚህ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ከተራው ሞተር ይበልጣል። ስለዚህ ጋራዥ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት ይህን ይመልከቱ፦ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ይለካል ወይስ አይለካም?

ፍለጋውን ከሞተርዎ ይጀምሩ

የሞተሩን መለያ ኮድ፣ መመሪያ መጽሐፉ የሚያዘውን የዘይት ደረጃ፣ የሚፈልገውን የቤንዚን ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው መፈንዳትን የሚቋቋምበት ደረጃ) እና እስካሁን የተደረገለትን ሰርቪስ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከዚያ ተመሳሳይ ሞተር ያላቸውን ባለመኪናዎች ፈልገው የት እንደሚያሠሩ ይጠይቁ። «ጎበዝ ናቸው ወይ?» ማለት ብዙ አይጠቅምም። «ከሠሩልህ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ? ችግር ሲመጣ መልሰው ተቀበሉህ?» ብለው ይጠይቁ። ትናንት ተሠርቶ ዛሬ የሚከንፍ መኪና ስለ ጋራዡ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ደህና የሆነው ነው ምስክሩ።

ሁሉንም ሥራ አንድ ቦታ ማሠራት ግዴታ አይደለም። ዘይት፣ ፍሬን እና ፊልትሮ አንድ ጠንቃቃ ጋራዥ ይሠራዋል፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ማስተካከል ሌላ ሙያ ነው። ቱርቦ ፈትቶ ማደስ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ዘንጉንና ክንፎቹን ሚዛን የሚያስይዝ ልዩ ማሽን ይፈልጋል። ማሽኑ ሳይኖረው ቱርቦ አድሳለሁ ለሚል ሰው ቱርቦዎን አይስጡ።

የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

«የትኛውን ዘይት ትጨምራላችሁ?» ብለው ይጀምሩ። «5ደብሊው-30» ብቻ ከተባሉ መልሱ ጎደሎ ነው፤ ይህ የዘይቱን ውፍረት እንጂ ጥራቱን አይገልጽም። ጥሩ መካኒክ የሞተሩን ኮድ ይጠይቅና አምራቹ የፈቀደውን ደረጃ ይፈልጋል። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ለሚረጩ ዘመናዊ የቱርቦ ሞተሮች «ኤፒአይ ኤስፒ» የሚባለው ደረጃ የወጣበት አንዱ ምክንያት በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት ሲመጣ ያለጊዜው የሚነሳውን ቃጠሎ ለመከላከል ነው፤ ይህ ቃጠሎ ፒስተን ይሰብራል። ስለ ቅያሪ ጊዜም ይጠይቁ። መመሪያው 15,000 ኪሎ ሜትር ቢልም፣ በከተማ አጭር ርቀት ለሚነዳ ወይም ግፊቱ ለተጨመረለት ሞተር ከ7,500 ኪሎ ሜትር በፊት ይቀየር የሚል መካኒክ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይፈትናል፦ «መኪናው ጉልበት አንሶታል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ሳያይ «ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር» የሚልዎትን ይተዉት። የጉልበት ማነስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተሰነጠቀ ወይም ከወለቀ የአየር ቱቦ፣ ከተቀደደ የማስተንፈሻ ቫልቭ ሽፋን ወይም የጭሱን ማለፊያ በር (ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ጭሱን ከቱርቦው ውጪ የሚያሳልፈውን) ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ክፍል ነው። ትክክለኛው መልስ እንዲህ ይሄዳል፦ ስካነር ተሰክቶ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና በእርግጥ የተገኘው ግፊት ይነጻጸራል፤ ከዚያ የአየር መንገዱ በጭስ ማሽን ወይም በታመቀ አየር ይፈተሻል፤ ቱርቦው የሚጠረጠረው እነዚህ ካለፉ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ስካነሩ 2,000 ሚሊባር ቢያሳይ ቱርቦው 2 ባር እየገፋ ነው ማለት አይደለም። ሴንሰሩ የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሮ ነው የሚቆጥረው፤ በባሕር ጠለል አካባቢ 1 ባር ገደማ ሲቀንሱ ቱርቦው የጨመረው 1 ባር፣ ማለትም 14.5 ፒኤስአይ ያህል ነው። ይህን በትዕግሥት የሚያስረዳዎት መካኒክ የሚያነበውን ያውቃል።

ጋራዡ ውስጥ ዓይንዎ የት ይረፍ?

ዘመናዊ ሕንፃና የሚያብረቀርቅ ወለል አያታልልዎ። የተፈታ ሞተር ካለ የተከፈቱትን የአየር ቱቦዎች ይመልከቱ፦ በክዳን ወይም በንጹህ ጨርቅ ተሸፍነዋል? ወደ ቱርቦው መግቢያ የገባች አንዲት ዳዶ ሞተሩ እንደተነሳ ክንፎቹን ትቆራርጣለች። ብሎን ሲያጠብቁ የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ይጠቀማሉ? ስካነራቸው የስህተት ኮድ ብቻ ነው የሚያነበው ወይስ ሞተሩ እየሠራ ያለውን መረጃም ያሳያል? የአንዱ መኪና ብሎኖች ከሌላው ጋር ተቀላቅለው በአንድ ጣሳ ውስጥ ካዩ፣ የእርስዎም ነገ እዚያው ይገባሉ።

በትንሽ ሥራ ይፈትኗቸው

ትልቅ ሥራ ከመስጠትዎ በፊት ሙሉ ሰርቪስና ምርመራ ያዝዙ፤ መኪናውን በቅርቡ ከገዙት ይህ ምርመራ ለራስዎም የግድ ነው። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ እና ካንዴላ ይቀየሩ። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ተለክቶ በቁጥር ይጻፍልዎ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ጉልበት መጨመር የሚባለውን ሐሳብ ያቆዩት።

የቤንዚን ማስተካከያ ቁጥሮችንም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ከመደበኛው ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ስካነሩ በመቶኛ የሚያሳየውን፣ ይጠይቁ። የረጅም ጊዜው ቁጥር በ5 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢል ጤናማ ነው። ከ10 በመቶ በላይ ወደ ላይ ካለ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ የሆነ ነገር ያካክሳል፤ ብዙ ጊዜ ያልተለካ አየር በሆነ ቀዳዳ እየገባ ነው። የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ባላቸው መኪናዎች ላይ ያው ቀዳዳ ሁለት መልክ አለው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በቀዳዳው አየር ይገባና ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቱርቦው ሲገፋ ግን የተለካው አየር በዚያው ይወጣና ቤንዚኑ ይበዛል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህን ከራሱ የሚያነሳ ጋራዥ ካገኙ ብዙ መፈለግ አያስፈልግዎትም።

መኪናውን ሲረከቡ አሮጌዎቹን ዕቃዎች ይጠይቁ። የዘይቱን መጠን ራስዎ ለክተው ይዩ፤ ማፍሰሻው ላይ አዲስ ሮንዴላ መግባቱን ያረጋግጡ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ከሥር ያንጠባጥብ እንደሆነ ይመልከቱ። በዚህ ትንሽ ሥራ ላይ የተዝረከረከ ጋራዥ በትልቁ አይሻሻልም።

ቱርቦው መቀየር ካለበት

እውነተኛውን ባለሙያ ከአስመሳዩ የሚለየው ይህ ሥራ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ይጠይቁ። ቱርቦ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፤ የሚገድለው ነገር አለ። ዘንጉ ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ዘይት ተቋርጦበት ነበር። ኩሽኔታው ከተቧጨረ ዘይቱ ቆሻሻ ነበር። ክንፎቹ ከተሸራረፉ ባዕድ ነገር ገብቷል። ዘይት እየተፋ ግን ዘንጉ ደህና ከሆነ፣ የዘይቱ መመለሻ ቱቦ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተገጠመ አዲስ ቱርቦ በሳምንታት ውስጥ አሮጌውን ይከተላል።

ዘንጉን በእጅ ነቅንቆ ብቻ መፍረድም ስህተት ነው። ዘይት በሌለበት ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ ለብዙ ቱርቦዎች የተለመደ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ፣ ወይም ክንፉ የቤቱን ግድግዳ ከነካ ግን ያበቃለታል።

ሥራው ሲጀመር እነዚህ መደረጋቸውን ያረጋግጡ፦

1. የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፤ የዘይቱ ግፊት በመለኪያ ይታያል።
2. ዘይት ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ በአዲስ ይተካል። ውስጡ በተቃጠለ ዘይት ይጠብባል፤ አጥቦ መመለስ አያስተማምንም። በብሎኑ ውስጥ ትንሽ ወንፊት ካለ ያም ይታያል።
3. በዘይት መግቢያና መውጫው ላይ ፈሳሽ ሲሊኮን አይቀባም። ወደ ውስጥ የተረፈው ቁራጭ ተላቅቆ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ትክክለኛው ጋስኬት ይገባል።
4. ኢንተርኩለሩና (ከቱርቦው የሚወጣውን የጋለ አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦዎቹ ተፈትተው የተጠራቀመው ዘይትና የብረት ስብርባሪ ይወገዳል። በናፍታ ሞተር ላይ ይህን መዝለል አደገኛ ነው፤ ሞተሩ የተጠራቀመውን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ቁልፍ ቢዘጋም ላይቆም ይችላል።
5. ንጹህ ዘይት በቱርቦው መግቢያ ይፈስና ዘንጉ በእጅ ይዞራል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ በሞተሪኖ ለ10 ወይም 15 ሰከንድ ይዞራል። ከተነሳ በኋላ ቤንዚን ሳይረገጥ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል።

ጉልበት መጨመር

«ስቴጅ 1» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ብቻ መቀየር ነው። «ስቴጅ 2» ላይ ከቱርቦው የሚነሳው ሰፊ የጭስ ቱቦ፣ ብዙ ጊዜም ትልቅ ኢንተርኩለር ይታከላል። «ስቴጅ 3» ሲባል ቱርቦው ራሱ ይቀየራል። እነዚህ ስሞች የሽያጭ ስሞች ስለሆኑ ከጋራዥ ጋራዥ ይለያያሉ፤ የሚገቡት ዕቃዎች አንድ በአንድ ይጻፉልዎ።

ለመጀመሪያ መኪና ስቴጅ 1 ይበቃል ብለን እናምናለን። ጥሩ ባለሙያ ላፕቶፑን ከመሰካቱ በፊት የካንዴላውን ዕድሜ፣ የሚጠቀሙትን ቤንዚን እና የፍሪሲዮኑን ሁኔታ ይጠይቃል። ግፊት ሲጨምር ብልጭታው እንዳይጠፋ የካንዴላው ክፍተት ወደ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር ሊጠብብ ይችላል። ፍሪሲዮኑን ራስዎም መሞከር ይችላሉ፦ በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ቤንዚን ሲረግጡ፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር የሞተሩ ዙር ብቻ ከዘለለ እየተንሸራተተ ነው፤ የተጨመረውን ጉልበት አይሸከምም።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ቅጂ ተቀምጦ ለእርስዎም መሰጠት አለበት። ፕሮግራሙ የትኛውን ኦክቴን ታሳቢ አድርጎ እንደተሠራ በጽሑፍ ይያዙ። ለ98 ኦክቴን በተሠራ ፕሮግራም 91 ቀድተው ቢነዱ ሞተሩ ማንኳኳት (ቤንዚኑ ሲሊንደሩ ውስጥ በራሱ መፈንዳት) ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ቢሞክርም ሁልጊዜ አይሳካለትም።

መኪናው ዳይኖ (የሞተሩን ጉልበት የሚለካ ማሽን) ላይ ሲወጣ ከፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ። ማሽኖች ስለሚለያዩ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቀን የተለካው ብቻ ነው የሚነጻጸረው። ከጉልበቱ መስመር ጋር የግፊቱ፣ የአየርና የቤንዚኑ ሬሾ፣ የገቢው አየር ሙቀት እና የእሳት (የካንዴላ ብልጭታ) መዘግየቱ መረጃ አብሮ ይሰጥዎ። በአብዛኞቹ የቤንዚን ቱርቦ ሞተሮች በሙሉ ጭነት ሬሾው ከ11.5 እስከ 12.5 አየር ለ1 ቤንዚን አካባቢ ይሆናል፤ በሙሉ ጭነት ወደ 14 እየቀረበ ከሄደ ቤንዚኑ አንሷልና ያስቁሙ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲሞከር የአየሩ ሙቀት እያሻቀበ ከሄደ ኢንተርኩለሩ አልቻለም።

ፕሮግራም ሳይነካ የማለፊያ በሩን ዘንግ አሳጥሮ ወይም ቧንቧው ላይ ርካሽ የግፊት መቆጣጠሪያ ቀጥሎ «ግፊቱን ከፍ አደርገዋለሁ» የሚልዎትን አይፍቀዱ። አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑ በልኩ ካልጨመረ ፒስተኑ ይቀልጣል። የጭስ ማጣሪያውን ማውለቅ በብዙ አገሮች ሕገወጥ መሆኑን፣ ለኢንሹራንስ ያልተነገረ ማሻሻያም ካሳ ሊያስከለክል እንደሚችል አስቀድሞ የሚነግርዎት ጋራዥ ለእርስዎ እያሰበ ነው።

ሒሳቡን በተመለከተ፦ የዕቃና የእጅ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ፤ ከተስማሙበት በላይ ሥራ ሲመጣ ሳይደውሉ እንዳይቀጥሉ ይስማሙ፤ ጋራንቲው ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የእጅ ሥራውንም እንደሚጨምር ይጠይቁ።

ከማሻሻያው በኋላ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ቤንዚን በቀዱ ቁጥር ዘይቱን ይለኩ። ከዚያ ማሰሪያዎቹ እንደገና እንዲጠብቁና መረጃው እንደገና እንዲነበብ ቀጠሮ ይያዙ። በዚያው ቀን ካንዴላዎቹ ተፈትተው በጥሩ ብርሃን ይታዩ። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ የተረጩ ጥቁር ወይም የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካሉ ሞተሩ እያንኳኳ ነው፤ የሚያብረቀርቁት ከፒስተኑ የተነሳ አሉሚኒየም ናቸው። ግፊቱ ሳይቀነስ መኪናውን ከጋራዡ አያውጡ።