ፎቶና የጉዞ መስመር በነጻ ሶፍትዌር፦ የትኛውን እንምረጥ? እንዴትስ እንጠቀምበት?

አንድ ጊዜ ለፎቶዎቼ መለያ ስጽፍ ወራት ፈጀሁ። ማን እንዳለበት፣ የት እንደተነሳ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ኮምፒውተር ስቀይር ፎቶዎቹ መጡ፣ ጽሑፉ ግን ቀረ። ፕሮግራሙ ሁሉንም በራሱ ዳታቤዝ ብቻ ነበር የያዘው። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌር ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገ ፕሮግራሙን ባጠፋው ልፋቴ ይተርፋል? ከዚህ በታች ፎቶ ማደራጀትን፣ የጉዞ መስመር ማቀድንና በጉዞው የተነሱትን ፎቶዎች ከተነሱበት ቦታ ጋር ማያያዝን በዚህ ጥያቄ እየመዘንኩ በቅደም ተከተል አሳያለሁ።

1. ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ቀጥሎ የምናደርገው ነገር ፋይሉን ራሱን ስለሚነካ ይህን አይዝለሉ።

2. የፎቶ ፕሮግራም ይምረጡ። ዲጂካምና ዳርክቴብል ሁለቱም ነጻ ናቸው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራሉ። ዳርክቴብል በዋናነት የተሠራው በሮው ቅርጸት (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ለሚያነሱና ብርሃንና ቀለም ለሚያስተካክሉ ሰዎች ነው። ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ለውጡን ከጎኑ በሚቀመጥ ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ይጽፋል። ዲጂካም ደግሞ ጉልበቱ ማደራጀት ላይ ነው። ፎቶዎችን በቀን፣ በመለያ፣ በሰው ፊትና በካርታ ይፈልግልዎታል። ፊት የሚለየውም እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ነው። ለአብዛኛው ሰው ዲጂካም ይሻላል ባይ ነኝ።

ዲጂካምን እንደጫኑ ማስተካከያው ውስጥ የሜታዳታ (ስለ ፎቶው የሚጻፍ መረጃ) ክፍሉን ይክፈቱ። መለያው፣ መግለጫውና የቦታ መረጃው ፋይሉ ውስጥ እንዲጻፍ ምልክት ያድርጉ። እኔን ያቃጠለኝ ይህችን አለማወቄ ነው።

3. መስመሩን ያቅዱ። ቢራውተር በብሮውዘር ይከፈታል፤ ካርታው በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነጻ የዓለም ካርታ፣ የኦፕንስትሪትማፕ ነው። በእግር ወይም በብስክሌት መሆኑን ይምረጡና መነሻና መድረሻዎን ይጫኑ። ዳገትና ቁልቁለቱን በግራፍ ያሳያል። መንገዱ ካልጣመዎት መሐል ላይ ነጥብ ጨምረው ያዙሩት። ያለ ኢንተርኔት ኮምፒውተር ላይ መሥራት ከፈለጉ ኪውማፕሻክ አለ። አቅሙ ትልቅ ነው፣ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በየትኛውም ቢሠሩ ውጤቱን በጂፒኤክስ (የጉዞ መስመር በሚይዝ የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ። ይህ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍት ቅርጸት ነው። ፕሮግራም ቢቀይሩም መስመርዎ አብሮዎት ይሄዳል።

4. ፋይሉን ወደ ስልክዎ ያስገቡ። ኦርጋኒክ ማፕስ ቀላል ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውን አስቀድመው ካወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኦስማንድ ቅንብሩ ብዙ ነው፤ ያስገቡትን መስመር ተከትሎ ይመራዎታል፣ መስመሩንም እዚያው ስልኩ ላይ ማስተካከል ይቻላል። ነጻው ቅጂ ግን በሚወርዱ ካርታዎች ቁጥር ላይ ገደብ አለው። ካርታ ዓይቶ መሄድ ለሚበቃው የመጀመሪያው፣ መመሪያ እየሰማ መጓዝ ለሚፈልግ ሁለተኛው።

5. ከመነሳትዎ በፊት የስልክዎን ሰዓት በካሜራዎ ፎቶ ያንሱ። ሰከንዱም ቢታይ ጥሩ ነው። ከዚያ ስልኩ የሚሄዱበትን መንገድ እንዲመዘግብ ያድርጉ።

ይህች ፎቶ ለምን አስፈለገች? ጂፒኤስ የሌለው ካሜራ የት እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰዓት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ፎቶውን ቦታ የሚያስይዘው የካሜራውን ሰዓት ከጂፒኤክሱ ሰዓት ጋር አገናኝቶ ነው። ጂፒኤክስ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ይጽፋል። ካሜራው ደግሞ የራሱን ሰዓት ይጽፋል፣ ብዙ ጊዜም የሰዓት ቀጠናውን አይጨምርም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው በ6 ደቂቃ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ካሜራው 6 ደቂቃ ከተሳሳተ ወንዝ ዳር ያነሱት ፎቶ ኮረብታ ላይ ይገኛል።

6. ሲመለሱ ዲጂካም ውስጥ ፎቶዎቹን መርጠው የቦታ ማስተካከያውን ይክፈቱና የተመዘገበውን ጂፒኤክስ ያስገቡ። የሰዓት ቀጠናውን ይምረጡ። የሰዓቱን ፎቶ አይተው በፎቶው ላይ በሚታየው ሰዓትና ካሜራው ለዚያው ፎቶ በመዘገበው ሰዓት መካከል ያለውን የደቂቃና የሰከንድ ልዩነት ይሙሉ። ከማስቀመጥዎ በፊት ቦታውን በደንብ የሚያውቁትን አንድ ፎቶ፣ ለምሳሌ ድልድይ ላይ የተነሳውን፣ ካርታው ላይ ያረጋግጡ። እሱ ልክ ከሆነ ሌሎቹም ልክ ናቸው ማለት ይቻላል።

7. ለሰው የሚልኩትን ፎቶ መጀመሪያ ኮፒ አድርገው ከኮፒው ላይ የቦታ መረጃውን ያጥፉ፤ ዲጂካም እዚያው የቦታ ማስተካከያው ውስጥ ያጠፋልዎታል። በተለይ ቤትዎ የተነሱትንና ልጆች ያሉባቸውን።